በሁዳዴ የደበቅሁት ቤዝ ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባዬ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። ስልኩ ላይ ሦስት ዕቃዎች አሉ። አንዱ የአውራ ጣት የሚያህል ሆኖ ቤዝ ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሦስተኛው ጊታሩን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ነው። የሁሉም ሥራ ያው ነው፤ የሚመታው ሰው በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው እንዲሰማና ጎረቤት እንዳይረበሽ። ከማዳመጫውም ልትመርጥ ነው፤ ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚዘጋ አለ፣ የውጭውን ድምፅ የሚያሳልፍም አለ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሁለት ቤተሰብ ጋር ግድግዳ በምንጋራበት ቤት ስለምንኖር ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤዝ መትቼ የኖርሁ ሰው ነኝና መልሱ አፌ ላይ መሆን ነበረበት።

ነገር ግን «ይሄኛውን ካደረግሁ ጎረቤት ምንም አይሰማም አይደል?» ስትለኝ ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁና ኩሽና ገብቼ ሳልጠጣ ቆየሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት አልቀረውም፤ የጎረቤት ሴቶች ተልባ እየቆሉ ሽታው በመስኮት ይገባል። ይህ ሽታና ያ ጥያቄ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ግቢ ወለል ብሎ ታየኝ። ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከይጁቤ መጥቼ ማርቆስ ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ ባይሰምርልኝም ከተማዋን መልቀቅ አቅቶኝ ጠዋት ጠዋት አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ «እስከ ፋሲካ ይሁንልህ፤ ካልሆነልህ ትመጣለህ፤ እርሻ ሰው አይጠላም» ብሎ ቀነ ገደብ ሰጥቶኛል። እኔ ግን እርሻውን እጠላ ነበር። የምወደው ቤዝ ጊታርን ነው። ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ ሆቴል ለባንዱ የቤዝ ተጫዋች ፈልጎ አሥር ዘፈን በካሴት ሰጥቶኝ ነበር፤ ፈተናው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። አሥሩን ዘፈን በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ ካልተማርሁ ወደ ይጁቤ መመለሴ ነው።

ጊታሩ የከተማው ወጣቶች ክበብ ነው። ክበቡ በጾሙ ምክንያት አዳራሹን ሲዘጋ ለምኜ ወሰድሁት። አሮጌ ነው፤ ክሮቹ ዝገዋል፣ አንገቱም ትንሽ ስለተጣመመ ወፍራሞቹ ክሮች በተመቱ ቁጥር ብረቱን እየነኩ ዝዝዝ ይላሉ። ይህን ዝዝታ ስጠላው!

ችግሩ የምኖርበት ቦታ ነበር። የተከራየሁት የመሪጌታ ልሳነወርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። መሪጌታ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቁ ሰው ናቸው። አባቴን ስለሚያውቁት ነው በርካሽ ያስገቡኝ። የገባሁ ዕለት አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ በዚህ ግቢ በሁዳዴ ዘፈን አይሰማም፣ በሬዲዮም ቢሆን፤ ይህን ያፈረሰ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ሁለተኛ አይነገረውም። ነገሩ የአፍ ማስፈራሪያ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር በጾሙ እኩሌታ ላይ ቴፕ ከፍቶ ፍራሹን ተሸክሞ ወጥቷል። እኔ ከወጣሁ ወሬው በማግሥቱ ይጁቤ ይገባል፤ አባቴም ፋሲካን አይጠብቅም። ክፍሏ ከሄደች ሁሉም ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ጊታሩን ምንም ላይ ሳልሰካ ልለማመድ ሞከርሁ። አይሆንም። ድምፁ ስለማይሰማ ጣት ያለ ልክ ይጫናል፤ ያ ልማድ ደግሞ መድረክ ላይ ያዋርዳል። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ ደሴ የሚባሉ ሰው ነበሩና ምሥጢሬን ለእሳቸው ነገርሁ። ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው አሮጌ ቴፕ አወጡና ጊታሩን ሰኩት፤ መቅጃውንና ማቆሚያውን ባንድ ላይ ሲጫኑት ካሴቱ ሳይዞር ድምፁ ብቻ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይሄዳል። ቀጥሎ ማዳመጫ ምረጥ አሉኝ። አንደኛው ስፖንጅ ያለው፣ ከተማ ውስጥ ሁሉም ጆሮው ላይ የሚያንጠለጥለው ቀላሉ ነው። እሱን ሳደርገው ቤዙ ቀጭን ሆኖ ተሰማኝ፤ ወፍራሙ ክር ጭራሽ የለም። ሌላው ከባድ ነው፣ እንደ ቁልቋል ቅጠል የወፈረ ትራስ አለው፣ ጆሮን ይውጣል።

«እሱ ቤዙን ያሰማሃል» አሉኝ ጋሽ ደሴ። «ግን ዓለሙን ይዘጋብሃል። በር ቢንኳኳ አትሰማም፤ አንተ ራስህ ምን ድምፅ እንደምታወጣም አታውቅም።»

እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነው አልኋቸው። እስከ ፋሲካ አዋሱኝ። ከመናኸሪያው ወደ ቤት ስሄድ የየካቲት ነፋስ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ይከተዋል፣ እኔ ግን ዓለምን በእጄ የያዝሁ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ፈተሽሁት። ክፍሉ መካከል ቆሜ፣ ማዳመጫውን አውልቄ ክሩን መታሁ፤ ትንሽ ጢዝ ከማለት በቀር ምንም የለም። ሰው አይሰማም ብዬ በልበ ሙሉነት ደመደምሁ። የምለማመድበትንም ሰዓት መረጥሁ። በሁዳዴ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ደወሉ ሲመታ ግቢው በሙሉ ባዶ ይሆናል፤ መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እስከ አሥር ሰዓት አይመለሱም። እኔ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ጊታሩ ከባድ ስለሆነ ግራ እጄ እንዳይዝል ራሱን ከጎኔ ካለው ግድግዳ ጋር አስደግፈዋለሁ። ያ ግድግዳ የጭቃ አይደለም። አንዱን ቤት ለሁለት ለመክፈል የተመታ ጣውላ ነው። ከወዲያ በኩል ያለው ክፍል የእህል ማስቀመጫ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመሪጌታ ታላቅ እኅት እማሆይ አጸደ ከገዳም ታመው መጡ። እህሉ ወጣና አልጋቸው እዚያ ተዘረጋ። ትንሽ ደንገጥ ብዬ ነበር፤ ግን ጆሯቸው የደከመ ነው ሲባል ሰማሁ። ደግሞስ እኔ ምን ድምፅ አለኝ? ለሁለት ቀን አቆምሁና እንደገና ጀመርሁ።

አንድ ማለዳ ከደጅ ስወጣ መሪጌታ ጠሩኝ። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ደስታ አለ። በግቢያችን በገና የሚደረድር ሰው ሰምተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኅታቸው ቅዳሴ ሲገባ እየጀመረ ሲወጣ የሚያቆም በገና ከትራሳቸው ሥር ይሰማኛል ይላሉ። እሳቸው የበሽታ ሕልም ነው ብለው ነበር።

«ታዲያ ሕልሙ ይሁን እውነቱ» አሉ መሪጌታ፣ «ከመጣች ጀምሮ ውኃም አልቀበልም ያለች ሰው በገናውን ከሰማች ወዲህ ከቅዳሴ ስመለስ የአጃ አጥሚት ትቀምሳለች። ማን ይሆን የሚደረድረው?»

አልሰማሁም አልሁ። እውነትም አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበርና። ከቀትር በኋላ ደወሉ ሲመታ ጊታሩን እንደ ወትሮው ጣውላው ላይ አስደግፌ፣ ማዳመጫውን አውልቄ፣ ወፍራሙን ክር አንዴ ብቻ መታሁት። ጣውላው በሙሉ ተናገረ። ዝግ ያለ፣ ጥልቅ፣ ያ የጠላሁት ዝዝታ ያለበት ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ወጣ። የበገና ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በገናም እንዲሁ ይነዝራል። የመታሁት ዘፈን ደግሞ የሠርግ ነበር። በሁዳዴ፣ ለመነኩሲት፣ በትራሳቸው ሥር ለሁለት ሳምንት የሠርግ ዘፈን ስመታ መክረሜን ሳውቅ ላብ አጠመቀኝ።

ጊታሩን አልጋ ሥር አስገብቼ ሦስት ቀን አልነካሁትም። ፈተናው ይመጣል፣ አራት ዘፈን ይቀረኛል፤ ቢሆንም መያዙ ባሰብኝ። በአራተኛው ቀን መሪጌታን ደጅ ላይ አገኘኋቸው። ደስታው ጠፍቷል። እኅታቸው እንደገና አፋቸውን ዘግተዋል፤ «ኃጢአቴን አይቶ በገናውን ወሰደብኝ» ይላሉ አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ እኔን አይመለከቱም ነበር፣ መሬቱን ነበር የሚያዩት።

በዚያው ዕለት ደወሉ እንደመታ ጊታሩን አወጣሁ። ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ግማሹን ዋሸሁ፤ ቀኑም እያለቀብኝ ነበር። ግን ይህን ጊዜ አውቄ ነው ጣውላው ላይ ያስደገፍሁት። የሠርጉን ዘፈን የቻልሁትን ያህል አዘገየሁት፤ አንዱን ድምፅ መትቼ እስኪሞት እየጠበቅሁ ሌላውን እመታለሁ። ማዳመጫውን በልማድ አድርጌዋለሁ። ዓይኔንም ጨፍኛለሁ። እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን ሄደ፤ በአራተኛው ቀን ጉልበቴን ነፋስ ነካኝና ዓይኔን ገለጥሁ። በሩ ተከፍቷል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል።

ቅዳሴ ሳያልቅ ወጥተው አያውቁም። በገናውን በጆሯቸው ሊሰሙ መጥተው ነው። ማዳመጫውን አወለቅሁ። መሪጌታ ጊታሩን አዩ፣ ቴፑን አዩ፣ ሽቦውን አዩ። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ሻንጣዬ አመለከቱ፤ ሁለተኛ አይነገረውም ብለው የለ። ተነሥቼ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርሁ። ይጁቤ፣ አባቴ፣ በሬዎቹ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ መጡ።

ከጣውላው ወዲያ የደከመ ድምፅ ተሰማ። «ምነው ቀረ? ልሳኑ፣ አንተ ነህ? በገናው ምነው ቀረ?»

የመሪጌታ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም። ዕድሜ ልካቸውን ዋሽተው የማያውቁ ሰው መሆናቸውን ሰው ሁሉ ይመሰክራል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀጥል» አሉኝ። ማዳመጫውን ላደርግ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። መታሁ። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከቤተ መቅደስ ያልወጡ ይመስል እስኪያልቅ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አላነሡብኝም። ውጣም አላሉኝም፣ ተቀመጥም አላሉኝም። እኔ በየቀኑ በሰዓቱ እመታለሁ፤ እማሆይም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። አሥሩ ዘፈን አለቀልኝ። ግን እንቅልፌ ጠፋ፤ በየማለዳው ዛሬ ያስወጡኛል እያልሁ ነበር የምነሣው።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ዕለት መሪጌታ መጡና እኅታቸው እንደሚጠሩኝ ነገሩኝ። በሕማማት ምርቃት ስለሌለ፣ ሳምንቱ ሳይገባ በገና ደርዳሪውን ልመርቀው ብለዋል።

«እውነቱን ልንገራቸው፣ መሪጌታ?» አልሁ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አሉ። «ንገራትም አልልህ፣ አትንገራትም አልልህ።»

ብናገር ክፍሉን አጣለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

እማሆይ ከሰሌን ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል፤ ቢጫ ቆባቸው ከፊታቸው ይበልጥ ይገዝፋል። እጄን ያዙ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከክሩ የተነሣ የደነደነውን ቆዳ ሲያገኙ ፈገግ አሉ። «እጅህ ይባረክ። ጣትህ ከምስጋና አይለይ። ያሰብኸውን ይሙላልህ» አሉኝ። በየመካከሉ አሜን እላለሁ፤ አሜን ባልሁ ቁጥር አፌ ይደርቃል። ያሰብሁት ምን እንደሆነ ቢያውቁ! ከዚያ ቀና አሉና፣

«በገናህን ምነው ሳትይዘው መጣህ? ከቅርብ ልስማው ብዬ ነበር» አሉ።

መሪጌታን አየሁ። ወለሉን ያያሉ። እውነቱን የምናገርበት ሰዓት እሱ ነበር፤ ማንም አፌን አልያዘኝም። እማሆይ የዋህ ሰው ናቸው፤ ምን ይሉኝ ነበር? እኔ ግን ልቤ ውስጥ የነበረው የዚያ ሾፌር ፍራሽ ነው።

«ጅማቱ ተበጥሶብኝ ነው፣ እማሆይ» አልሁ።

«እህ» አሉ፤ እጄን ሳይለቁ። «ይሁን። እስክትቀጥለው እጠብቃለሁ።»

ወጥቼ ክፍሌ ስገባ ውሸቷ ምን እንዳደረገችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። የተበጠሰ በገና አይሰማም። ዛሬ ከመታሁ፣ ወይም ነገ፣ ውሸታም መሆኔ ይታወቃል። የበገና ጅማት ደግሞ ከሱቅ አይገዛም፤ ከበግ አንጀት ነው የሚከረረው፣ እስኪደርቅ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ብጠብቅ ያሳምናል ብዬ አሰላሁ። እሑድ ሆሳዕና ዝም አልሁ። ሰኞ ዝም አልሁ። ሰኞ ከሰዓት ከጣውላው ወዲያ እማሆይ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ። ምን እንዳሉ አልለየሁትም፤ ለመለየትም አልቀረብሁም።

እማሆይ ማክሰኞ ንጋት ላይ ዐረፉ። በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ለዚያ ሳምንት ሙታን ሁሉ በሆሳዕና አስቀድሞ ተደርሷል፤ በፀጥታ ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ መሪጌታ እኅታቸው ከሰኞ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማኋቸው። ለእኔ አልነገሩኝም።

ባሕር ዳር ሄጄ ፈተናውን አለፍሁ። ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ መሪጌታ እስከ በሩ ሸኙኝ። ያኔ ብቻ ነው ስለ ነገሩ የተናገሩት። «ያዕቆብ የወንድሙን ምርቃት በተንኮል ወሰደ፤ ምርቃቱ ግን አልተመለሰም፣ ያዘለት። አንተንም ይይዝልሃል» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔም ርብቃን ሆንሁ። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ ወለል ሳይ ዋልሁ» አሉ። ንስሐ ገብተው ስግደት እንደተቀበሉ በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ። እኔ አልገባሁም። ምርቃቱ ግን እንዳሉት ያዘ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ወጥቼ አላውቅም፣ ጣቴም አላመመኝም። ሰው «እጅህ የተባረከ ነው» ሲለኝ ወሬ እለውጣለሁ።

ከኩሽና ሳልመለስ ስቀር ቤዛ ተከትላኝ መጣች። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ ነገርኋት። የውጭውን ድምፅ የሚያሳልፈውን ማዳመጫ ግዢ አልኋት፤ ጊታሩንም ግድግዳ አታስነኪ አልኋት። እሷ ግን ስልኳን ከዘጋች ቆይታለች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «እሑድ ጅማቱ ተቀጠለ ብትላቸው ምን ነበረበት? ክፍሉን አላስለቀቁህም። ማን ይጠይቅሃል?»

ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እማሆይ እንዳያዝኑ ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ብዙ ጊዜ አታልያለሁ፤ የፈራሁት ለራሴ ነው፣ ከዚያም ውሸቴ እውነት እንዲመስል ፈለግሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጊታሩ አልጋዬ ላይ ነበር፣ አንድም ክር አልተበጠሰም።